ሐዲዱ፣ በሩና አዲሱ መስመር፦ ስለ ከተማ ቀላል ባቡር ለጠየቃችሁን የሰጠነው መልስ

ስለ ቀላል ባቡር የደረሱን ደብዳቤዎች ሦስት ጉዳይ ያነሳሉ፦ ሐዲድ ሲያቋርጡ የሚደርስ አደጋ፣ ባቡር ውስጥና ፌርማታ ላይ የሚፈጠር ረብሻና ስርቆት፣ እንዲሁም የመስመሩ ማስፋፊያ። ጠያቂዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም መልሶቹ ብዙ ጊዜ ይገናኛሉ። ባቡሩ በሰዓቱ የሚመጣበት፣ ሠራተኛ የማይጠፋበትና ማቋረጫው በአግባቡ የተነደፈበት መስመር ላይ አደጋውም ረብሻውም ያንሳል።

ጥያቄ፦ *ባቡር ነጂው ከሩቅ እያየኝ ለምንድን ነው ፍሬን የማይዘው? ጥሩምባ መንፋት ብቻ ነው ሥራው። መኪና ቢሆን እኮ ይቆምልኝ ነበር።*

መልስ፦ ነጂው ፍሬን ይዞ ይሆናል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው ግን አያስታውቅም። የብረት ጎማ ብረት ሐዲድ ላይ ያለው መያዣ የመኪና ጎማ አስፋልት ላይ ካለው በብዙ ያነሰ ነው። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ባቡር ደግሞ ሰው ሳይጫንበት 40 ቶን አካባቢ ይመዝናል።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በተለመደው ፍሬን ለመቆም 80 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። የድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ፣ ማለትም ከጎማው ፍሬን በተጨማሪ ከባቡሩ ሥር ያሉት ማግኔቶች ሐዲዱ ላይ ሲጣበቁና ከጎማው ፊት አሸዋ ሲረጭ፣ ርቀቱ ወደ 36 ሜትር ይወርዳል። ነጂው አይቶ እስኪወስን የምታልፈው አንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ስለምትጨምር ድምሩ 50 ሜትር ይሆናል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ይኸው ድምር ወደ 90 ሜትር ያድጋል፣ በ30 ላይ ደግሞ 21 ሜትር አካባቢ ነው። በ50 የምትሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 14 ሜትር ገደማ ይበቃታል። ለዚህ ነው በመኪና የለመደ ዓይን ባቡር ላይ የሚሳሳተው። ዝናብ ሲጥልና ሐዲዱ ላይ እርጥብ ቅጠል ወይም ዘይት ሲኖር ደግሞ ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

ነጂዎች የድንገተኛ ፍሬን ከመያዛቸው በፊት የሚያመነቱበት ሌላም ምክንያት አለ። ባቡር ውስጥ ብዙው ሰው ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ቀበቶ የሚባል ነገር የለም። አንድን እግረኛ ለማዳን የተያዘ ፍሬን ውስጥ የቆሙ አረጋውያንን ጥሎ አጥንታቸውን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ጥሩምባው ሲነፋ «ዞር በል» ከሚል ትዕዛዝ በላይ ነው፤ ነጂው የቀረውን ርቀት ለክቶ «አልደርስልህም» እያለ ነው ብለው ይስሙት።

እግረኛን በብዛት የሚያታልለው ግን ሁለተኛው ባቡር ነው። ሰውየው ማቋረጫው ላይ በትዕግሥት ቆሞ ይጠብቃል። ባቡሩ ያልፋል። የመጨረሻው ፉርጎ ገና ከፊቱ ፈቀቅ ሳይል እግሩን ያነሳል። በዚያች ቅጽበት ከወዲያኛው አቅጣጫ የሚመጣው ሌላ ባቡር በመጀመሪያው ተሸፍኗል፤ ድምፁም በመጀመሪያው ድምፅ ተውጧል። ሰውየው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል፣ ሁለተኛው ሐዲድ ላይ የሚደርሰውም እንዲሁ እንደተዘናጋ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ካለፈ በኋላ ደወሉ ወይም ቀይ መብራቱ ካላቆመ ሌላ እየመጣ ነው ማለት ነው። መብራት በሌለበት ማቋረጫ ያለፈው ባቡር ርቆ ሁለተኛው ሐዲድ በሁለቱም አቅጣጫ ቁልጭ ብሎ እስኪታይዎት ይጠብቁ። የጆሮ ማዳመጫ ካደረጉ ቢያንስ አንዱን ያውጡ። ሕፃን ይዘው ከሆነ እጁን ይያዙ፤ ጋሪ የሚገፉ ከሆነም ጋሪው ከእርስዎ ቀድሞ ሐዲድ ውስጥ እንደሚገባ አይዘንጉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ እግረኛው ላይ ብቻ መጣል የለበትም። ጥሩ ማቋረጫ ሰውን ቀጥ አድርጎ አያሳልፍም። በዝቅተኛ አጥር በዜድ ቅርጽ ያዞረዋል፤ እያንዳንዱን ሐዲድ ከመሻገሩ በፊት ፊቱ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዲሆን ያስገድደዋል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ደግሞ ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር የሚበቃው መቆሚያ ይኖረዋል። ከአንድ ሠፈር ሰው በየቀኑ አጥር እየዘለለ የሚያቋርጥበት ቦታ ካለ አጥሩን ማስረዘም ብዙም አይፈይድም፤ ሕዝቡ መሻገሪያ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ በእግሩ እያሳየ ስለሆነ እዚያው ደህና ማቋረጫ መሥራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ *የታክሲ ሾፌር ነኝ። ባቡሩ በመንገዱ መሃል ነው የሚሄደው። ወደ ግራ ስታጠፍ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተረፍኩ። መስታወት አይቼ ነው የታጠፍኩት፣ ታዲያ ስህተቱ የት ላይ ነው?*

መልስ፦ ሐዲዱ በመንገድ መሃል በሚያልፍበት ከተማ ሁሉ ከመኪና ጋር የሚደርሰው ዋነኛ ግጭት ይህ ነው። ባቡሩ ከእርስዎ ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ ከግራ ኋላዎ ይመጣል። የጎን መስታወት የቅርቡን ነው የሚያሳየው፤ ከ60 እስከ 80 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ እየተጠጋ ያለ ባቡር ውስጡ ትንሽ ሆኖ ይታያል ወይም ከነጭራሹ አይታይም። መኪናው ማጠፍ ሲጀምር ደግሞ መስታወቱ አቅጣጫውን ይቀይርና ባቡሩ ያለበት ቦታ ዕውር ይሆናል። ትኩረትዎም ከፊት የሚመጡት መኪኖች ላይ ነው።

ለሾፌር የምንመክረው አጭር ነው፦ ለቀጥታ የበራውን አረንጓዴ ለግራ መታጠፊያ አይጠቀሙበት፣ የግራውን ቀስት ይጠብቁ። ቀስት በሌለበት ቦታ አንገትዎን አዙረው ወደ ኋላ ይመልከቱ። በአካባቢው የማያውቁት መገናኛ ከሆነ ሳይታጠፉ ቀጥ ብለው አልፈው ዞረው ቢመለሱ ይሻላል። ሰልፍ ሲኖር ደግሞ ማዶ ለመኪናዎ ሙሉ ቦታ መኖሩን ሳያረጋግጡ ሐዲድ ላይ አይግቡ።

መገናኛውን የሚነድፈው መሐንዲስ ኃላፊነት ግን ይበልጣል። ግራ መታጠፍን መከልከል ወይም ለግራ ታጣፊው የተለየ የመብራት ጊዜ መስጠት፣ ባቡር ሲቃረብ ብቻ የሚበራ የባቡር ሥዕል ያለው ምልክት መስቀል፣ በሐዲዱና በመኪናው መስመር መካከል ከፍ ያለ ጠርዝ መሥራት፤ ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የሾፌሮች ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ *መኪናዬ ሐዲድ ላይ ብትጠፋብኝ ምን ላድርግ? የኤሌክትሪክ ገመዱ ቢበጠስስ?*

መልስ፦ አንዴ ለማስነሳት ይሞክሩ፤ እምቢ ካለች ሁሉም ሰው ይውጣ። ዕቃ አታውጡ፣ አትግፉ። ከሐዲዱ ራቅ ብላችሁ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሰያፍ እየሄዱ መራቅ ይሻላል፤ ባቡር መኪና ሲገጭ ስብርባሪው የሚወረወረው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነውና። ከዚያ ማቋረጫው ላይ በተጻፈው የስልክ ቁጥር ለመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ይደውሉ፤ የማቋረጫውን ቁጥር ወይም የሁለቱን ጎረቤት ፌርማታዎች ስም ይንገሩ።

ገመዱን በተመለከተ፣ ብዙ የቀላል ባቡር መስመሮች በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይሠራሉ። የወደቀ ገመድ ብልጭታ ባይኖረውም ኃይል እንዳለው ቁጠሩት፣ ከ10 ሜትር በላይ ራቁ፣ ሌላውንም አርቁ። ገመዱ የወደቀው መኪናዎ ላይ ከሆነ ውስጥ ይቆዩ። እሳት ተነስቶ መውጣት ግድ ከሆነ ግን አካልዎ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ እንዳይነካ ሁለት እግርዎን ገጥመው ይዝለሉ፤ ከዚያም እግርዎን ሳያነሱ በጥቂት በጥቂቱ እየጎተቱ ይራቁ። ሰፊ ርምጃ አይራመዱ፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ራሱ ይገድላል።

ጥያቄ፦ *በብስክሌት ሐዲድ ሳቋርጥ ወደቅሁ። እንዴት ነው የሚቋረጠው?*

መልስ፦ መንገድ ውስጥ በተቀበረ ሐዲድ ጎን ያለው ቦይ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሰፋል፤ ቀጭን ጎማ በደንብ ይዋጣል። ሐዲዱን ቀጥ ባለ ማዕዘን፣ ካልሆነም ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ያቋርጡ፤ ለዚህ ቀድመው ኋላዎን አይተው ሰፋ አድርገው ይዙሩ። ሐዲዱ ላይ ሳሉ ፍሬን አይያዙ፣ መሪ አያዙሩ። ዝናብ ካለ ወርደው እየገፉ ቢያልፉ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ *ነጂው እንቅልፍ ቢጥለው ባቡሩን የሚያቆመው ነገር አለ?*

መልስ፦ አለ፣ ነገር ግን በየባቡሩ ይለያያል። ጥንታዊው መከላከያ ነጂው በእጁ ወይም በእግሩ ተጭኖ የሚይዘው መሣሪያ ነው፤ ሲለቀቅ ባቡሩ ይቆማል። ድክመቱም ግልጽ ነው፦ ለአፍታ ሸለብ ያደረገው ሰው እጅ ላይለቅ ይችላል።

ይህ በለንደን ክሮይደን በከባድ ዋጋ ታየ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 2016 ንጋት ላይ አንድ ትራም (የከተማ ቀላል ባቡር) የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሆነ ስል ኩርባ ውስጥ በ73 ገብቶ ተገለበጠ፤ 7 ሰዎች ሞቱ፣ ከ60 በላይ ተጎዱ። የብሪታንያ የባቡር አደጋ መርማሪዎች ነጂው ሳያሸልብ እንዳልቀረ ደመደሙ። ከዚያ በኋላ አደገኛ ኩርባዎች ላይ ከገደብ በላይ የመጣን ትራም በራሱ የሚያቆም ሥርዓት ተገጠመ፣ የነጂውን ንቃት የሚከታተል መሣሪያም ገባ። ብዙዎቹ ሟቾች በተሰበሩት መስኮቶችና በሮች ተወርውረው ስለነበር መስታወቶቹም ተጠናከሩ።

በከተማችሁ ያለውን መስመር የምትጠይቁ ከሆነ ጥያቄው ይህ ይሁን፦ ከከፍተኛ ፍጥነት ወደ ኩርባ በሚገባበት ቦታ ባቡሩን በራሱ የሚያዘገይ መሣሪያ አለ ወይ? የነጂዎች ፈረቃ፣ በተለይ ንጋት ላይ የሚጀምረው፣ በስንት ሰዓት ዕረፍት ነው የሚለየው?

ጥያቄ፦ *ማታ ከሥራ ስመለስ የምሳፈረው በባቡር ነው። የሰከሩ ሰዎች ይረብሻሉ፣ ሴቶችን ይተነኩሳሉ። ባለፈው አንዷን ልጅ ሲያስቸግሯት ሁላችንም ዝም አልን። የደወሉን እጀታ ልስብ ብዬ ፈራሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?*

መልስ፦ ደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት ጥያቄ አለ፣ አንድ በአንድ እንሂድ።

የተሳፋሪ ማንቂያና የበር ድንገተኛ መክፈቻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማንቂያው ከነጂው ጋር ያገናኝዎታል፤ ጫና ያለበት ሁኔታ ሲፈጠር ያለ ሐፍረት ይጫኑት። በብዙ መስመሮች ላይ ነጂው ባቡሩን መንገድ ላይ አያቆምም፤ እስከሚቀጥለው ፌርማታ ይነዳና ሠራተኛ ወይም ፖሊስ እዚያ ይጠብቃል። ይህ ቸልተኝነት ይመስላል፣ ግን ትክክለኛው አሠራር ነው። በሁለት ፌርማታ መካከል የቆመ ባቡር ውስጥ ተጎጂዋ ከአጥቂዋ ጋር ትታሰራለች፣ እርዳታም አይደርስላትም። የበሩ መክፈቻ ግን ለእሳት፣ ለጭስና በር ለያዘው ሰው ነው። መንገድ ላይ በር ከፍቶ መዝለል ተሳፋሪውን ሌላኛው ባቡር በሚመጣበት ሐዲድ ላይ ይጥለዋል።

ለነጂው ሲናገሩ በአጭሩ፦ የፉርጎውን ቁጥር (አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ በላይ ተጽፏል)፣ ወዴት እንደሚሄዱና ቀጣዩን ፌርማታ፣ ምን እየሆነ እንዳለ፣ ጩቤ ወይም ሌላ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን። ድምፅ ማሰማት የሚያሰጋ ከሆነ፣ መስመሩ የጽሑፍ መልእክት የሚቀበልበት ቁጥር ካለው ቀድመው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት።

ልጅቷን ስለመርዳት፣ ከአጥቂው ጋር ግብግብ መግጠም አይጠበቅብዎትም፤ ብዙ ጊዜም ያባብሳል። የሚሠራው ወደ እሷ መሄድ ነው። ሄደው አጠገቧ ይቀመጡ፣ እንደሚያውቋት ሆነው «አንቺ! ሳላይሽ፤ እናትሽ ደህና ናቸው?» ይበሏት፣ ጀርባዎን ለእሱ ሰጥተው ወሬ ይቀጥሉ። አንድ ሰው ብድግ ካለ ሌሎቹም ብድግ ይላሉ፤ ሁሉም ሰው ዝም የሚለው ሌላው ይጀምር እያለ ነው። በሚቀጥለው ፌርማታ አብራችሁ ፉርጎ ቀይሩ። ነገሩ ካለፈ በኋላ ምስክር ለመሆን ስልክዎን ይስጧት፤ ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው ምስክር ስለሚጠፋ ነው።

የሚቀመጡበትንም ይምረጡ። ማታ ከነጂው ክፍል ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ይሻላል። ስልክ የሚነጠቀው በአብዛኛው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፦ ሌባው በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል፣ የመዝጊያው ድምፅ ሲሰማ ይነጥቅና ይወርዳል፣ በሩ ተዘግቶ እርስዎን ይዞ ይሄዳል። ፌርማታ ላይ ሲደርሱ ስልክዎን ኪስዎ ይክተቱ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ያውጡት። በሥራ መግቢያና መውጫ ግፊያ ውስጥ ደግሞ ቦርሳዎን ወደ ፊትዎ ያዙሩ፣ በሩ አካባቢ ያለ ምክንያት የሚገፋ ሰው ሲያጋጥምዎት ኪስዎን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ *ፌርማታዎቹ ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ማንም ሳይከፍል ይገባል። ረብሻው የመጣው ከዚህ ነው እንላለን። በር ቢገጠም አይቆምም?*

መልስ፦ ከፊሉ እውነት ነው፣ ነገር ግን በሩ እንደሚታሰበው አይሠራም። በመንገድ መሃል ያለ ፌርማታ ላይ በር ቢገጠም የማይከፍለው ሰው በሐዲዱ በኩል ዞሮ ይወጣል፤ አሁን ደግሞ ትኬት አለመክፈሉ ላይ ሐዲድ ውስጥ መግባቱ ተጨመረ። በር ተሳፋሪው ቆሞ የሚጠብቅበትን መድረክ ያጠባል፤ አደጋ ሲደርስ ኃይል ቢጠፋም በራሱ የሚከፈት መሆን አለበት፤ ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር የሚያልፍበት ሰፊ በርና ጠባቂም ይፈልጋል። በድልድይ ላይና ከመሬት በታች ባሉ ጣቢያዎች ግን ያዋጣል።

ክፍት ፌርማታ ከድህነት ወይም ከዝርክርክነት የመጣ አሠራር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው የአሜሪካዋ ሳንዲየጎ መስመር ሲጀምር ያለ በር ነው፤ ተሳፋሪው ትኬት ይዞ ይሳፈራል፣ ተቆጣጣሪ በድንገት ይጠይቀዋል። የሚወድቀው ቁጥጥሩ ሲሳሳ ነው። ስሌቱን እንዲህ ያዩታል፦ ተቆጣጣሪ ከ20 ጉዞ አንዱ ላይ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከትኬቱ 20 እጥፍ ካልበለጠ አለመክፈል ያዋጣል ማለት ነው። ቅጣቱን ማክበድ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የማይሰበሰብ ትልቅ ቅጣት ከሚሰበሰብ ትንሽ ቅጣት ያነሰ ያስፈራል። ስለዚህ ቁጥጥሩን ማብዛት ይሻላል። ተቆጣጣሪዎች ጥንድ ሆነው ከፉርጎው ሁለት ጫፍ ይጀምራሉ፣ ወደ መሃል ይገናኛሉ፤ ሁሉንም ሰው በተራ ይጠይቃሉ። መልክና ልብስ እያዩ የሚመርጡ ከሆነ ከሕዝቡ ጋር ይጣላሉ፣ ሥራውም ይበላሻል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርገን እንበል። ሳይከፍል የተሳፈረ ሁሉ ረባሽ አይደለም፤ ከፍሎ የገባ ረባሽም ሞልቷል። ረብሻን የሚቀንሰው ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በየጊዜው መታየቱ ነው፤ መንገድ ቢጠይቁት የሚመልስ፣ አረጋዊ የሚያስቀምጥ፣ ችግር ሲያይ የሚጠራ ሰው። መጠለያ አጥቶ ባቡር ውስጥ ለሚያድር ወይም የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ፖሊስ ብቻውን መልስ አይሆንም። ዛሬ የተባረረው ነገ ይመለሳል። ወደ መጠለያና ወደ ሕክምና የሚወስድ ባለሙያ አብሮ ካልተሰማራ ችግሩ ከፉርጎ ወደ ፌርማታ፣ ከፌርማታ ወደ ድልድይ ሥር ይዘዋወራል እንጂ አያልቅም። ጩቤ ለሚያወጣ ግን ፖሊስ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ *ካሜራ በየቦታው አለ፣ ሌባው ግን አይያዝም። ጥቅሙ ምንድን ነው?*

መልስ፦ በቀጥታ የሚከታተለው ሰው ከሌለ ካሜራ የሚጠቅመው ከድርጊቱ በኋላ ነው። ቅጂው ደግሞ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ በአዲስ ይተካል፤ ስለዚህ በዚያው ቀን ያመልክቱ፣ ሰዓቱን በደቂቃ፣ የፉርጎውን ቁጥርና የቆሙበትን በር ይግለጹ፣ ቅጂው እንዲቀመጥም በጽሑፍ ይጠይቁ። ለፌርማታ ደህንነት ከካሜራ በፊት የሚቀድሙ ርካሽ ነገሮች አሉ፦ ጨለማና ብርሃን የማይፈራረቅበት መብራት፣ ውስጡ የሚታይ የመስታወት መጠለያ፣ ዕይታ የማይጋርድ ማስታወቂያ፣ ሁለት መውጫ።

ጥያቄ፦ *መስመሩ ወደ ሰፈራችን 4 ኪሎ ሜትር ሊራዘም ነው ተባልን፤ ደስ ብሎናል። በስብሰባው ላይ ምን ብለን እንጠይቅ?*

መልስ፦ መጀመሪያ «ስንት ባቡር ትገዛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማስፋፊያ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 12 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር እንውሰድ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱን አቅጣጫ በ36 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በሁለቱ ጫፍ 6፣ 6 ደቂቃ መዞሪያ ሲጨመር ሙሉ ዙሩ 84 ደቂቃ ይሆናል። በየ6 ደቂቃው ባቡር እንዲመጣ 84 ለ6 ሲካፈል 14 ባቡር መንገድ ላይ ያስፈልጋል፤ ለጥገናና ለብልሽት 15 በመቶ ሲጨመርበት 17። አሁን 4 ኪሎ ሜትር ጨምሩ። ዙሩ በ24 ደቂቃ ይረዝማል፣ 108 ይሆናል። ያንኑ 6 ደቂቃ ለመጠበቅ 18 ባቡር መንገድ ላይ፣ በጠቅላላው 21 ያስፈልጋል። አራት ባቡር ሳይገዛ መስመሩ ከተራዘመ እነዚያው 14 ባቡሮች ረዥሙን ዙር ይሸፍናሉ፣ የመጠበቂያው ጊዜም ወደ 8 ደቂቃ ይጠጋል። በሰዓት 10 ባቡር ያይ የነበረው ነባሩ ተሳፋሪ ከ8 ያነሰ ያያል፤ በዚያ ላይ ከአዲሱ ሰፈር ሞልቶ የመጣ ባቡር ነው የሚደርሰው። ግፊያው ይጨምራል፣ ኪስ አውላቂ ይደሰታል፣ በር ላይ ጠብ ይበዛል። ማስፋፊያና ሥርዓት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ «ሁለት መስመር የሚጋራው ሐዲድ አለ ወይ?» የሚል ይሁን። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር እናንሳ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመሩት ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይጋራሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ የጋራው ክፍል የሁሉም ገደብ ነው፤ በጋራው ሐዲድ ላይ በየ3 ደቂቃው ብቻ ማሳለፍ የሚቻል ከሆነ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከ6 ደቂቃ በታች መውረድ አይችልም። አንዱ መስመር ላይ የተበላሸ ባቡር ሁለቱንም ያቆማል። ሦስተኛ ቅርንጫፍ መቀጠል ከታሰበ ቁጥሩ ወደ 9 ይወጣል።

ቀጥሎ ስለ መድረክ ርዝመት ጠይቁ። ባለ ሁለት ፉርጎ ባቡር ለሚቆምበት ልክ ተሠርቶ በኋላ ማስረዘም መንገድ መዝጋትና መገናኛ ማፍረስ ይጠይቃል። የካናዳዋ ካልጋሪ ጣቢያዎቿን ዓመታት ፈጅታ አስረዝማ ባለ አራት ፉርጎ ባቡር ማሰማራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ዛሬ የሚሠራው መድረክ አጭር ቢሆን እንኳ ለወደፊቱ ቦታው ክፍት ይተው።

ኤሌክትሪኩም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ750 ቮልት የሚሠራ መስመር በየ2 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ የኃይል ማከፋፈያ ይፈልጋል። ማከፋፈያው ከራቀ ወይም ባቡሩ ከበዛ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ወደ 500 ሲጠጋ ባቡሩ ኃይሉን ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ይንፏቀቃል። «አዲሱ ማከፋፈያ የት ይቆማል? አንዱ ቢጠፋ ጎረቤቱ ይሸከማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዴፖም እንዲሁ፤ የተጨመሩት ባቡሮች የሚያድሩበትና ጎማቸው የሚላግበት ቦታ ካልታሰበ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚሠሩት ቁጥር እየመነመነ ይሄዳል። በግዥው ውል ውስጥ መለዋወጫና የጥገና ሥልጠና መግባቱን አረጋግጡ።

በመጨረሻ ከመሬት በታች ያለው። የውኃ፣ የፍሳሽ፣ የስልክና የኤሌክትሪክ መስመሮች ከሐዲዱ ሥር መነሳት አለባቸው፤ ካርታው ላይ የሌለ ቧንቧ ሁልጊዜ ይገኛል። የስኮትላንዷ ኤድንብራ ትራም ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። በመሬት ውስጥ መስመሮችና በውል ክርክር ተጎትቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ሲከፈት 776 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቶ ነበር፣ መስመሩም ከታቀደው አጥሮ ነበር፤ እስከ ኒውሄቨን ሰፈር የደረሰው ገና በ2023 ነው። «ቁፋሮው ተጠንቷል ወይ? በስንት ቦታ ተፈትሿል?» የሚለው ጥያቄ «መቼ ያልቃል?» ከሚለው ይቀድማል። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ በየመንገዱ ቁራጭ ቁፋሮው ለስንት ሳምንት እንደሚከፈትና ለእግረኛ ምን መተላለፊያ እንደሚተው በጽሑፍ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ *መስመሩ ተጠናቆ ሊከፈት ነው። ትምህርት ቤታችን ሐዲዱ ዳር ነው። ከመከፈቱ በፊት ምን መደረግ አለበት?*

መልስ፦ አዲስ መስመር በጣም አደገኛ የሚሆነው በመጀመሪያው ዓመቱ ነው፤ ሕዝቡ ዓይኑ አልለመደም። የአሜሪካዋ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በጥር 2004 መስመሯን ስትከፍት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ60 በላይ ግጭት ደርሷል፣ በብዛት ያለአግባብ ከሚታጠፉ መኪኖች ጋር።

ቀኑ ለፖለቲካ ተብሎ እንዳይጣደፍ ጠብቁ። የካናዳ ዋና ከተማ ኦታዋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 መስመሯን ስትከፍት ለሙከራው የተቀመጠው መስፈርት በመሃል እንዲቀልል ተደርጎ ነበር፤ የበር፣ የጎማና የብሬክ ብልሽት ተከታተለ፣ በ2021 ባቡሮች ከሐዲድ ወጡ፤ ጉዳዩም በሕዝብ ምርመራ ኮሚሽን ታየ። ስለዚህ ባቡሮቹ ሰው ሳይጭኑ በሙሉ የጊዜ ሰሌዳ ለተከታታይ ሳምንታት ይመላለሱ፤ የሥራ መግቢያውን ሰዓት፣ ምሽቱንና ዝናቡን ጨምሮ። በእነዚያ ሳምንታት ደወሉ፣ መብራቱና ማገጃው ሁሉ እየሠራ ይሁን፤ ሕፃናቱ ባቡሩን የሚለምዱት በዚህ ነው።

ለትምህርት ቤታችሁ ደግሞ እንዲህ አድርጉ። ተማሪዎቹን ክፍል ውስጥ ብቻ አታስተምሯቸው፤ በሙከራው ወቅት በትንሽ በትንሽ ቡድን ማቋረጫው ድረስ ውሰዷቸው፣ ሁለት ባቡር ተከታትሎ ሲያልፍ ቆመው እንዲያዩ አድርጉ፣ በየትኛው ቅጽበት መሻገር እንደሚቻል ራሳቸው ይናገሩ። ከክፍል መውጫውን ሰዓት ለባቡሩ አንቀሳቃሽ ድርጅት በደብዳቤ አሳውቁ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በዚያ ሰዓት በማቋረጫው ላይ ባንዲራ የያዘ ሠራተኛ እንዲቆም፣ ባቡሩም በዚያ ቁራጭ ከ30 ኪሎ ሜትር በታች እንዲያልፍ ጠይቁ። በሩ ወደ ሐዲዱ የሚከፈት ከሆነ ሩጦ የወጣ ልጅ በቀጥታ ሐዲድ ላይ ይደርሳል፤ በሩን ወደ ጎን መንገድ አዙሩት። ያ ካልተቻለ ከበሩ ፊት በአምስት ሜትር ርቀት ላይ ልጁ ዞሮ የሚያልፍበት አጥር ይሠራ።